ለጉልበት የተቀዳ የባሕር ውሃ

ቢጫውን የዝናብ ካፖርቴን ትናንት ከምድር ቤቱ አወጣሁት። ስንት ዓመት ሙሉ ከአሮጌ ሻንጣና ከልጄ የልጅነት ብስክሌት ጋር ተጣብቆ የኖረ ነው። ገና ከላስቲኩ ሳወጣው የጎማና የጨው ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ጨው ያልኩት እውነት ይሁን አይሁን እንጃ፤ በእኔ ዕድሜ ሰው የሚያሸተው የሚፈልገውን ነው። አሁን ወጥ ቤት ወንበሩ ላይ አንጠልጥዬው፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ እጽፋለሁ። በመስኮቱ የሚታየው የፍራንክፈርቱ ሰፈሬ ጊንሃይም እንደ ወትሮው ነው፤ ረጅሙ ማማ እስከ ወገቡ ደመና ውስጥ ገብቷል። ልጄ ሰላም በሦስት ሰዓት መጥታ ትወስደኛለች። የምንሄደው ሰሜን ባሕር ዳር ወዳለችው ቢዙም ወደምትባል ትንሽ ከተማ ነው። እኔና ሐዋ በወጣትነታችን አራት ቀን የሰነበትንባት ከተማ ናት።

ሰላም ኒደርራድ የሚባል ሰፈር ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሥራዋ ምን እንደሆነ አሥር ጊዜ አስረድታኝ አሥር ጊዜ ረስቼዋለሁ። ለእናቷ እንኳ በቀጠሮ ናት፤ «እማ፣ ቴርሚኔን አይቼ ልደውልልሽ» ትለኛለች። ታዲያ ይህች ልጅ ሐሙስ ዕለት ሳትደውል መጣችና፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «እማዬ፣ ቅዳሜና እሑድ ባሕር ልውሰድሽ? አንቺና ሐዋ የሄዳችሁበት» አለችኝ። በአማርኛ! ከአፏ አማርኛ የሚወጣው አንድ ነገር ስትፈልግ ወይም ሲያማት ነው፤ ሌላ ጊዜ እኔ በአማርኛ ስጠይቅ እሷ በጀርመንኛ ትመልስልኛለች። «ምነው፣ ምን ተገኘ?» ብላት «ኒሽትስ፣ ምንም» አለች። ደስ ስላለኝ አልመረመርኳትም።

ሐዋ የደሴ ልጅ ናት፣ እኔ የአዲስ አበባ። አገር ቤት ብንሆን መንገድ ላይ ብንተላለፍ እንኳ ዘወር ብለን አንተያይም ነበር። እዚህ ግን የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት አንድ ማሽን ላይ አቆሙን። አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዷ ሁለቱን ጫፍ ትይዛለች፣ ሌላዋ ሁለቱን፤ ትወጥሩታላችሁ፣ ትቀራረባላችሁ፣ ጫፉን ትሰጣጣላችሁ፣ እንደገና ትራራቃላችሁ። በቀን ስንት መቶ ጊዜ ከአንድ ሰው ጋር ፊት ለፊት እየገጠሙ አለመዋደድ አይቻልም። ያን ጊዜ ገንዘቡ ማርክ ነበር፤ በአንድ ማርክ ሁለት ትኩስ ዳቦ ተገዝቶ መልስ ይተርፋል። ሐዋ አረንጓዴ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ እንፋሎቱ ውስጥ መንዙማ ታንጎራጉራለች፤ እኔ ደግሞ ከጋሽ ሰዒድ የገዛሁትን የአምባሰል ካሴት እየደጋገምኩ እዘፍናለሁ። ጋሽ ሰዒድ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ቅመምና ካሴት የሚሸጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጠብም፣ ሠርግም፣ ለቅሶም ያለ እሳቸው አይሆንም። የእኔም የሐዋም ድምፅ አይረባም ነበር። ማሽኑ ከእኛ በላይ ስለሚጮህ ማንም አልተቀየመንም።

ሐዋ ፊደል ቆጥራለች፣ ብዕር ስትይዝ ግን እጇ ይከብዳል። ስለዚህ ለእናቷ ለእማማ ዘሃራ የሚላከውን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። እሑድ እሑድ በአውቶቡስ ጻይልስሃይም እሄዳለሁ፤ እዚያ ከአንድ አሮጌ ቤት ጣሪያ ሥር ክፍል ተከራይታ ነበር። እሷ አልጋዋ ላይ ጋደም ብላ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።» ሁልጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው። እማማ ዘሃራን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም፤ ጉልበታቸውን ግን እንደ ራሴ ጉልበት አውቀዋለሁ። ዝናብ ሲመጣ የትኛው እንደሚብስ፣ ሰግደው ሲነሡ ምን ይዘው እንደሚነሡ፣ ምን ቅባት እንደሚቀቡ ስንቱን ጠይቄ ጽፌያለሁ። አገር መግባት የማይታሰብበት ዘመን ስለነበር በእጃችን ያለው ወረቀት ብቻ ነበር። አሁን ሰዉ ሁሉ በስልክ ፊት ለፊት እየተያየ ያወራል፤ የሚያወራው ግን አጥቶ ጣሪያውን ያሳያል።

በአንዱ የብርድ ወራት ሐዋን ሳል ያዛትና ሙቀት ገብቶም አልለቃት አለ። ሐኪሙ አዳመጣትና እንፋሎቱ ደረቷን እንደጎዳው፣ የባሕር አየር እንደሚያስፈልጋት ነገራት። ባሕር እንደ መድኃኒት ሲታዘዝ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ሁለታችንም ኡርላውብ፣ የሥራ ፈቃድ፣ ጠየቅን፣ ተፈቀደልን፣ የባቡር ቲኬት ገዛን። ጻይል ከሚባለው የገበያ ጎዳና በቅናሽ ጊዜ ሁለት ቢጫ የዝናብ ካፖርት ገዛን፤ ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ እሱን ነበር የሚለብሰው። እዚህ ፖስተኛ ቢጫ ለባሽ ነውና ያገራችን ልጆች ሲያዩን «ፖስተኞቹ መጡ! ደብዳቤ አለን?» እያሉ መሳቂያ አደረጉን። ሐዋ አብራቸው ሳቀች፤ ስትስቅ ሳሉ መጣባትና ግድግዳ ይዛ ቆመች።

ነገ ልንሄድ ዛሬ፣ ማክሰኞ፣ ስልክ ተደወለ። ሐዋ ስልክ ስላልነበራት ለጭንቅ ጊዜ ከአገር ቤት የሚደወለው እኔ ጋ ነበር። ወንድሟ ነው። እማማ ዘሃራ ዐርፈዋል፣ ተቀብረዋልም። «አደራ፣ ለብቻዋ እንዳትሰማ። ሰው ሰብስባችሁ አርዷት» አለኝና መስመሩ ተቋረጠ። ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግሁ ጋሽ ሰዒድ ሱቅ ሮጥኩ።

«ጋሽ ሰዒድ፣ ነገ ጠዋት ልንሄድ ነው፤ ምን ይሻላል? አሁኑኑ አንቱ ይንገሯት?» አልኳቸው።

ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። «ደረቷ ገና አልጠገገም። ዛሬ ብትሰማ ለቅሶው ይጥላታል። ሰዉም ሥራ ላይ ነው፤ ማን ይዟት ይቀመጣል? ሂዱ፤ አየሩን ትሳብ፣ ምግብ ትቅመስ። እሑድ በማለዳ ሁላችንም እንመጣለን» አሉ። ከዚያ በዓይናቸው ሽቅብ ቁልቁል መዘኑኝ። «አስካለ ልጄ፣ አንቺ ደግሞ አፍሽን ያዢ።»

ከሰው ሁሉ መርጠው እኔን! ሆዴ ውስጥ ነገር እንደማያድር መላው ፍራንክፈርት ያውቃል። ሌላ ሰው ይሂድልኝ እንዳልል ቲኬቱ በስሜ ነው፤ ደግሞስ ሐዋን ለማን እሰጣታለሁ?

ከሐምቡርግ በኋላ በየጣቢያው ባቡር ስንቀይር ባቡሩም እያነሰ ሄደ፤ የመጨረሻው ሁለት ፉርጎ ብቻ ነበረው። አገሩ ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው። ቢዙም ያኔ አንድ ዋና መንገድ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ የመርከብ መብራት ማማ፣ የሽሪምፕ ጀልባዎች የሚታሰሩባት ወደብ፣ በጎች የሚግጡበት ረጅም አረንጓዴ ግድብ ነበረች። ሽሪምፑን ከጀልባው ላይ በወረቀት ከረጢት ይሸጡታል፤ ሰዉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ እየላጠ ይበላል። ሐዋ ከረጢቱ ውስጥ አንዴ አየችና «ይሄማ ጢም ያበቀለ ትል ነው» ብላ ሸሸች። እኛ አሳ ገዛን፣ በሦስት ማርክ ከሃምሳ፣ ዳቦ ውስጥ የገባ ጥብስ። ያን ያህል ተዋደን ሥጋ አብረን በልተን አናውቅም ነበር፤ እሷ የእስላም፣ እኔ የክርስቲያን እንላለን። አሳ ግን ማን አረደው አይባልም። ወረቀቱን ጭናችን ላይ ዘርግተን ከአንድ ላይ በላን። «ይኸው፣ አንድ ገበታ ቀረብን» ብላ አጎረሰችኝ። የእናቷን ሞት ደብቄ ከእጇ እየጎረስኩ ነበር።

ከዚያ ባሕሩን ለማየት ግድቡ ላይ ወጣን። ባሕር የለም። እስከ ሰማዩ ጫፍ ድረስ የሚያብረቀርቅ ጭቃ ብቻ ነው። «አስኩ፣ ባሕሩን ማን ወሰደው?» አለችኝ ሐዋ፣ እኔ የሸጥኩት ይመስል። መንሽ ትከሻው ላይ ያደረገ አንድ የአገሩ ሽማግሌ ሰዎች ሰብስቦ ጭቃው ላይ ሊያዞር ቆሞ ነበር፤ ተጠጋን። ውሃው ስድስት ሰዓት ይሄዳል፣ ስድስት ሰዓት ይመጣል፣ ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ነው አለን። ጫማችንን አውልቀን ተከተልነው። ጭቃው በእግር ጣት መካከል ይወጣል፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን አይከፋም። ነጫጭ ወፎች እየተራመዱ ይለቅማሉ። ሽማግሌው በመንሹ ቆፍሮ ረጅም ትል አወጣና ባሕሩን የሚያጸዳው ይህ ነው ብሎ በኩራት አሳየን። «ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት ለትል ነው?» አለች ሐዋ፤ ሳቀች፤ ሳል አልመጣም። ራሷም አስተዋለችው። ደረቷን ይዛ አንድ ትንፋሽ ሳበች፣ ደገመች፣ ከዚያ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ሮጠች። አረንጓዴ ሻሽ፣ ቢጫ ካፖርት፣ ዙሪያው ጭቃ። እኔ ቆሜ አለቀስኩ። ተመልሳ «ምን ሆነሻል?» ስትለኝ «ነፋሱ ነው» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን በጀልባ አቆስጣ ወደሚተኛበት የአሸዋ ደሴት ወሰዱን። አቆስጣ ማለት አሳ የሚበላ፣ ፂም ያለው፣ እግር የሌለው ወፍራም እንስሳ ነው፤ ሃምሳ ይሆናሉ፣ ፀሐይ ላይ ተጋድመዋል። «እንደነዚህ የታደለ የለም፤ ማንም አንሶላ እጠፉ አይላቸው» አለች። ከሁሉ ራቅ ብሎ አንድ ግልገል ብቻውን ነበር። ይጮኻል። ድምፁ ቁርጥ የሕፃን ልቅሶ ነው። ሐዋ ከጀልባው ጠርዝ ጎንበስ ብላ «እናቱ የት ሄዳ ነው?» አለች። ጀልባ ነጂው እናቱ አሳ ልታድን ወጥታ ይሆናል፣ አንዳንዴ ግን ሳትመለስ ትቀራለች አለ። ተርጉሚልኝ አለችኝ፤ ከእሷ ይልቅ የእኔ ጀርመንኛ ይሻል ነበር። የመጀመሪያውን ብቻ ተረጎምኩላት። አፌን የሞላው ሌላ ነገር ነበር፤ አንድ ጊዜ «ሐዋ» ብዬ ጠራኋት። «እመት» አለች። «ካፖርትሽን ዝጊ» አልኳት።

አራተኛው ቀን ከሁሉም ከፋ። የመብራት ማማው ያለበት ፖስት ካርድ ገዝታ አቀበለችኝ። «ለእማዬ ጻፊልኝ።» ግድቡ ላይ ተቀመጥን፤ ባሕሩ ያን ሰዓት መጥቶ ሞልቶ ነበር። እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ሳሌ ለቆኛል። አገር ሰላም ሲሆን እዚህ አመጣሻለሁ፣ ጭቃው ለጉልበትሽ ይሆንሻል። መጻፌን ሳቋርጥ «በረደሽ?» ብላ ካፖርቷን ደረበችልኝ። ከዚያ አንድ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ከቦርሳዋ አወጣችና ውሃው ውስጥ ገብታ ሞላችው። «ጨው ነው፣ ያሽላል። ሰው ሲሄድ እልክላታለሁ፤ ጉልበቷን ትሽበት።» ጠርሙሱን እስከ ፍራንክፈርት ድረስ በጭኔ ይዤ ተጓዝኩ።

እሑድ በማለዳ ጋሽ ሰዒድ ከፊት፣ እኛ ከኋላ፣ ወደ ሐዋ ክፍል በሚያወጣው ጠባብ ደረጃ ወጣን። በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ያን ሁሉ ሰው ነው። መናገር አላስፈለገም፤ የእኛ ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለሌላ ነገር አይመጣም። ከዚያ ዓይኗ እኔ ላይ ዐረፈ። እንደዚያ ዓይነት አስተያየት ሁለተኛ አልይ። «ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ሦስት ቀን ተቀመጥን፣ ቁርዓን ተቀራ፣ ዱዓ ተደረገ፤ እሷ ግን እኔ ያቀረብኩትን ውሃ አልጠጣችም። ወደ ሥራ ስንመለስም ያው አንሶላው ነው፣ ያው መራመድ፣ ያው መቀራረብ፤ ፊቷ ከፊቴ አንድ ክንድ ላይ ደርሶ ይመለሳል። «ጫፉን ያዢ» ከማለት ሌላ ቃል አላወጣችም። በጋው አለፈ፣ ቅጠል ረገፈ። ያን ያህል የበረደኝ ጊዜ አላስታውስም።

አንድ ቅዳሜ የቤቴ በር ተንኳኳ። ሐዋ ናት፣ የደረቀ አበባ ከነማሰሮው ታቅፋ። «እዪው» አለችኝ። ለቅሶ ከመጡት ሴቶች አንዷ አበባው ውሃ ጠምቶታል ብላ ጠርሙሱን አንሥታ ለካ የባሕሩን ውሃ አጠጥታዋለች። ሐዋ ስታጠጣው፣ ፀሐይ ስታስይዘው፣ ስታባብለው ከርማ ያን ቀን ባዶውን ጠርሙስ ከመጋረጃው ኋላ አገኘች። «የእናቴን ጉልበት ያሽላል ያልኩት አበባ ገደለ!» ብላ መሳቅ ጀመረች፤ እኔም ፈራ ተባ እያልኩ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተቀምጠን አለቀስን። ሲወጣላት እንዲህ አለችኝ፦ «ስበላ፣ ስሮጥ እናቴ አፈር ውስጥ ነበረች ብዬ ጠልቼሽ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን፣ እሷ ማክሰኞ አልሞተችብኝም። እሑድ ነው የሞተችብኝ። አራት ቀን ጨመርሽልኝ፣ አስኩ።» ከዚያ በኋላ በመካከላችን ክፉ ነገር ገብቶ አያውቅም።

ይህን ታሪክ ሰላም አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ነገርኳት። ተቆጣች። «ዳስ ኢስት ጌሎገን፣ ማማ!» አለች፤ ዋሽተሻል ማለቷ ነው። የሰው እናት ሞታ አራት ቀን ዝም ይባላል? እሷ ብትሆን በዚያው ደቂቃ እንደምትነግራት፣ ሰው የማወቅ መብት እንዳለው፣ ትምህርት ቤት የተማረችውን ሁሉ አወረደችብኝ። ሐዋም ቤት ነበረችና «አብሽሪ ልጄ፣ ስታድጊ ይገባሻል» አለቻት። ሰላም በሯን ዘግታ ገባች።

ሐዋ ጡረታ ስትወጣ አገሯ ገባች። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትደውልልኛለች፤ ቀርታ አታውቅም። ትናንት ዓርብ ነበር። ስልኬ ግን እኔ ጋ አልነበረም፤ ሐሙስ ዕለት ሰላም «አፕዴት ይፈልጋል» ብላ ይዛው ሄዳለች። በቤት ስልክ ለሰላም ደውዬ «ሐዋ ደውላ ነበር?» አልኳት። «ኔትወርክ የለም መሰለኝ» አለች። ትናንት ደግሞ መቅደስ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ልጆች አንዷ፣ አረጋውያን ቤት የምትሠራው፣ ሳልጠራት መጣች። «እማማ፣ እስቲ ግፊትዎን ልለካዎ» አለችኝ። ለካች፣ መድኃኒቴን ለሦስት ቀን ቆጥራ አስቀመጠችልኝ፣ ስትወጣ አንገቴን አቅፋ ቶሎ አልለቀቀችኝም። ሰላም ሰኞንም ኡርላውብ ወስዳለች። እሑድ ከባሕር ስንመለስ እሷ ጋ እንዳድር አልጋ አንጥፋለች።

እስከዚህ የጻፍኩት ስለ ባሕር ላወራ ብዬ ነበር። ስጽፍ ስጽፍ እጄ ቆመ። ግፊት ይለካል፣ ስልክ ይወሰዳል፣ ሰው ያቅፋል፣ ሰኞ በማለዳ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ ይመጣል። እኔ እኮ ይህን ሥራ ሠርቼዋለሁ። ሐዋ ሞታለች። ይኸው ጻፍኩት። ሐዋዬ፣ እህቴ፣ ሞታብኛለች።

አልቅሼ ስጨርስ የቤቱን ስልክ አነሣሁ። ቁጥሯን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ብደውል ልጇ ያነሣል፣ ድምፁም ይነግረኛል። መልሼ አስቀመጥኩት። ያቺ ሰው የማወቅ መብት አለው ያለችኝ ልጅ፣ መዋሸት የማትችል ልጅ፣ መኪና ተከራይታ፣ ባሕር ዳር ክፍል ይዛ፣ ጋሽ ሰዒድ ያስተማሩኝን ለእኔ ልታደርግ ነው። መርዶውን ማን ነገራት? ሁለት ቀን ልትጨምርልኝ ነው። እንዴት ብዬ እምቢ እላታለሁ? እስከ ሰኞ ድረስ ሐዋ ደሴ ናት፤ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻለች።

ባለፈው ዓርብ ስለ ጉልበቷ ነበር ያወራነው። «የእናቴን ጉልበት ወረስኩ፤ ያንን ውሃ እንኳ አትልኪልኝም?» ብላ ሳቀችብኝ። አሁን ተነሥቼ አንድ ባዶ ጠርሙስ አጠብኩና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ሰላም ምንድነው ብትለኝ፣ ለሐዋ ጉልበት ነው እላታለሁ። ዓይኗ ቀልቶ ባገኘው እንዳላየሁ እሆናለሁ፤ ነፋሱ ነው።

የበሩ ደወል ጮኸ። ፊቴን ልታጠብ።